ውሻችሁ በድንገት ሲወድቅ ጎረቤት ከመጠርጠራችሁ በፊት

ሌሊቱን ግቢያችሁን ሲጠብቅ ያደረው ውሻ ማለዳ ላይ ተዝለፍልፎ ብታገኙት ምን ታስባላችሁ? ብዙዎቻችን «ሰው መርዝ አብልቶት ነው» እንላለን። ባል አንዱን ጎረቤት ይጠረጥራል፣ ሚስት ሌላውን፤ አብሮ ቡና መጠጣቱም በዚያው ይቀራል። ነገር ግን መርዝ ሳይቀምስ እንስሳን እንዲህ የሚጥል በሽታ አለ።

ከእያንዳንዱ ኩላሊት አጠገብ አድሬናል የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። ከምታመነጫቸው ሆርሞኖች ኮርቲሶል ሰውነት ጭንቀትን እንዲቋቋም፣ አልዶስተሮን ደግሞ የደም ጨውና ውኃ እንዲመጣጠን ያደርጋሉ። ዕጢዋ ስትደክም ሶዲየም ይቀንሳል፣ ፖታሲየም ይጨምራል፣ የልብ ምትም ሊዘገይ ይችላል። በሽታው በሰው ላይ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1855 በገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም የአዲሰን በሽታ ይባላል። በውሾች ላይ አልፎ አልፎ፣ በድመቶች ላይ ግን እጅግ በጥቂቱ ይታያል።

ምልክቶቹ አታላይ ናቸው። እንስሳው ምግብ ይጠላል፣ ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል፤ ሻል ይለውና እንደገና ያገረሽበታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከብቶችን የሚያጠቃው ገንዲ ውሻንም ይይዛል፤ እርሱም ያከሳል፣ ያደክማል። ስለዚህ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ገንዲ ደም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ሊለይ ይችላል። ለአዲሰን በሽታ ሐኪሙ ሶዲየምና ፖታሲየምን ይለካል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ተወግቶ፣ ከመርፌው በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮርቲሶል ሲለካ ነው። የጤነኛ ዕጢ ኮርቲሶል ይጨምራል፤ የደከመችዋ ግን ባለበት ይቆያል። ፕሬድኒሶሎን አስቀድማችሁ ከሰጣችሁ ውጤቱ ይዛባል።

ወድቆ ለመጣ እንስሳ መጀመሪያ የሚደረግለት በደም ሥር የሚገባ የጨው ውኃ ነው። ከዚያ ፕሬድኒሶሎንና ፍሉድሮኮርቲሶን ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። መድኃኒቱን በየዕለቱ ማን እንደሚሰጥ ባልና ሚስት ተስማሙ፤ ካልተቋረጠ እንስሳው ደህና ሆኖ ይኖራል።

ሁለት ማሳሰቢያ፦ ለቆዳ በሽታ ለሳምንታት የሰጣችሁትን ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አታቁሙ፤ ሥራ የፈታችው ዕጢ ቶሎ አትነቃምና። የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ስለሚችል የታመመን ውሻ ምራቅ በባዶ እጅ አትንኩ።

አሶሳ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት። እንግዲህ ወደ ጎረቤት ደጅ ለወቀሳ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ውሻውም ይተርፋል፣ ጉርብትናውም አይጎዳም።