በውሻ ማደን ለወጣቶች ትምህርት ይሆናልን?

ኢተን በሚባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚመሩት የአዳኝ ውሾች መንጋ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ነው። ውሾቹ ቢግል የሚባሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ማሽተታቸው የበረታ ናቸው፤ አዳኙም በፈረስ ሳይሆን በእግሩ እየሮጠ ይከተላቸዋል። የሚታደነው ጥንቸል ነበር። ደጋፊዎቹ ሩጫው ወጣቱን ብርድና ድካም ያስችለዋል፣ ኀላፊነትንም ያስተምረዋል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የእንስሳን ጭንቅ ጨዋታ ማድረግ ልጅን ከጭካኔ ጋር ያላምደዋል ይላሉ። በ2004 የወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የዱር አጥቢ እንስሳትን በውሻ ማደንን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከለከለ፤ በ2005 የካቲት ወርም በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ውሾችን ሰው በጎተተው ሽታ ላይ ማሮጥ ተለመደ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም።

የነገሩ ሥር አደን ለወጣቱ ምን ያስተምረዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ምርመራ በሆሳዕና ዙሪያ ያለው የሐዲያና የከምባታ የቀድሞ ልማድ ይጠቅማል። በዚያ እንደ ሌሎቹ የደቡብ ሕዝቦች ሁሉ ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በሕዝብ ፊት ይከበር፣ ይዘፈንለት ነበር። ኤይከ ሐበርላንድና ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባሉት ጀርመናውያን ሊቃውንት ይህን የግዳይ ክብር በሰፊው አጥንተዋል። ክብሩ የሚለካው አውሬው በሚያስከትለው አደጋ ነበር እንጂ በማሳደዱ አልነበረም። እንግዲህ ጥንቸል ተከትሎ የሮጠ ጎረምሳ በዚያ ሚዛን ምንም አላተረፈም፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጥንቸል ስለማትበላ፣ ለክርስቲያኑ ለምግብም አትሆነውም።

ይሁን እንጂ የድሮውን አደን የጀግንነት ትምህርት ቤት ብለው የሚያወድሱት ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ያው የግዳይ ሚዛን የአውሬን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሞት ይቆጥር ነበር፤ ጠላቱን የገደለ ሰው አንበሳ እንደ ገደለው ይሞገስ ነበር። ድፍረትን ያስተማረው ሥርዓት መግደልንም አብሮ አስተምሯል። በዚህ ረገድ የኢተን ተቃዋሚዎች ሥጋት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ምንም እንኳ ከጥንቸል እስከ ሰው ያለው መንገድ እነርሱ እንደሚያስቡት አጭር ባይሆን።

ዛሬ በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ምድሩ እንሰትና እህል ሞልቶበታል፤ ትልልቆቹ አውሬዎች የሉም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። የተማሪው ስፖርት ኳስና ሩጫ ነው። ውሻ የዱር አውሬ የሚያሳድደው ዝንጀሮ ወይም ከርከሮ ከማሳ ሲገባ ነው፤ ከኋላው የሚሮጠው ልጅም ሥራ ላይ እንጂ ጨዋታ ላይ አይደለም።