ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ምስጢር ቁልፍ፦ የአንድ አልጀብራ ቀመር ኃይል

እ.ኤ.አ. በማርች 1991 መቀመጫው በካሊፎርኒያዋ ሬድውድ ሲቲ የነበረው የአርኤስኤ ኩባንያ የምርምር ክፍል ያልተለመደ ውድድር አወጀ። ከ100 እስከ 500 አሃዝ ያላቸውን ቁጥሮች አሳትሞ፣ እያንዳንዱ የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ ለሚደርስበት ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ጉዳዩ ጨዋታ አልነበረም። የኩባንያው የምስጠራ ጥበብ የተመሠረተው ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ያለቀሪ የማይካፈሉ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜታቸውን መልሶ መበተን ግን እጅግ አዳጋች በመሆኑ ላይ ነው። ዛሬም በባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በስልኩ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሲልክ፣ የሚገለገልበት ድረ ገጽ እውነተኛነት ብዙ ጊዜ የሚረጋገጠው በዚሁ ስልት ነው።

ይህን ቁልፍ ለመስበር የሚሞክሩ ሊቃውንት መነሻ ግን ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው ቀመር ነው፦

ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)

ቅንፎቹ ተባዝተው ሲዘረዘሩ ሀ² + ሀለ − ለሀ − ለ² ይሆናሉ፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ይጣፉና የካሬዎቹ ልዩነት ብቻ ይቀራል።

ለምሳሌ 2491 የየትኞቹ ቁጥሮች ብዜት ነው? በ3፣ በ7፣ በ11 እያሉ መሞከር አድካሚ ነው። ቁጥሩ ከ2500 በ9 እንደሚያንስ ያስተዋለ ግን 50² − 3² ብሎ ይጽፈዋል፤ መልሱም 47 × 53 ነው። ይህን መንገድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቀየሰው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው።

ዘዴው ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ ነው። ሆኖም አደጋው የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ በ2022 ጀርመናዊው ሃኖ ቦክ፣ አንዳንድ የማተሚያ መሣሪያዎች የሚያመነጯቸው ቁልፎች በዚህ ጥንታዊ ዘዴ በቀላሉ እንደሚሰበሩ አሳይቷል።

ቁጥሮቹ ሲራራቁም ቀመሩ አይተውም። በ1977 ለሕዝብ የቀረበው ባለ 129 አሃዝ ቁጥር በ1994 የተፈታው 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው ነበር። የፈለጉትም ልዩነታቸው ለዚያ ቁጥር ያለቀሪ የሚካፈል ሁለት ካሬዎችን ነው። በ2020 ባለ 250 አሃዙ ተፈታ፤ ከሬድውድ ሲቲው ውድድር የኋላ ዝርዝር ውስጥ ያለው ባለ 617 አሃዝ ግን እስካሁን አልተደፈረም።

በ1994 ፒተር ሾር ለኳንተም ኮምፒውተር የነደፈው ስልትም የመጨረሻ እርምጃው ይኸው ቀመር ነው። በዚህ ስጋት ምክንያት የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2024 በብዜት ላይ ያልተመሠረቱ አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎችን አውጥቷል። «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ፣ አንዱ መልስ በኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል።