የምድር ውስጥ ባቡር ፍጥነት ስለምን ይገደባል?

ስለ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ፍጥነት ሲነሣ በቅድሚያ የምናስበው የሞተሩን ጉልበት ነው። መሐንዲሶቹን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ግን ባቡሩ በምን ያህል ርቀት ሊቆም እንደሚችል ነው። የማቆሚያው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ዳግም ርቢ መጠን ነውና። ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ1 ሜትር በሴኮንድ የሚቀንስለትን ባቡር ብንወስድ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በ50 ሜትር ይቆማል፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ግን 200 ሜትር ያስፈልገዋል።

ለዚህ የኒው ዮርክን ከተማ እንመልከት። በከተማዋ አሮጌ መስመሮች ሐዲዱ በክፍሎች ተከፋፍሎ የምልክት መብራቶች ተተክለውለታል። መብራቱ ቀይ ሲሆን ከሐዲዱ ጎን አንድ የብረት ክንድ ቀና ይላል። ነጂው ቀዩን ጥሶ ቢያልፍ ክንዱ የባቡሩን የአየር ፍሬን ቫልቭ መትቶ ይከፍተዋል፤ የአየሩ ግፊት ሲወርድም ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1995 በዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ አንድ የ“ጄ” መስመር ባቡር ቀይ መብራት አለፈ። ክንዱ ሥራውን ሠራ፣ ፍሬኑም ያዘ፤ ሆኖም ባቡሩ ከፊቱ ቆሞ የነበረውን የ“ኤም” መስመር ባቡር ከመግጨት አልዳነም። ነጂው ሞተ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1918 ለነበሩት ቀለል ያሉና ዝግ የሚሉ ባቡሮች ነበር።

ከዚያ በኋላ የባቡሮቹ ጉልበት እንዲቀንስ ተደረገ፤ በጊዜ ቆጣሪ የሚሠሩ መብራቶችም በዙ። እንዲህ ያለው መብራት ባቡሩ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ የተወሰነ ጊዜ እስኪሞላ ቀይ ሆኖ ይቆያል። የክፍሉ ርዝመት 100 ሜትር፣ ጊዜውም 10 ሴኮንድ ቢሆን፣ በሰዓት ከ36 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ባቡር ቀዩን መብራት ያገኛል። ይሁንና ቆጣሪው ከዘገየ ገደቡን ያከበረውም ባቡር ይያዛል! እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ምርመራ በርካታ ቆጣሪዎች ተዛብተው ተገኝተዋል። ነጂዎች ቅጣት ፈርተው ከተፈቀደው ፍጥነት በታች ይነዱ ነበር፤ በዚህም ልንወቅሳቸው አይገባም እንላለን። ቆጣሪዎች ከተስተካከሉ በኋላ በብዙ ሥፍራዎች ገደቡ ከፍ ብሏል።

በ“ኤል” እና በ“7” መስመሮች ደግሞ የባቡሩ ሥፍራ በሬዲዮ ግንኙነት ስለሚታወቅ፣ ኮምፒውተር የማቆሚያውን ርቀት በየጊዜው እያሰላ ፍጥነቱን ይወስናል። ለዚህ ግን የሐዲዱም የባቡሩም መሣሪያ አብሮ መለወጥ ስላለበት ሥራው የሚከናወነው በየመስመሩ፣ ያውም በዝግታ ነው።