ስለ ደረሰኝ ጥቃቅን ፊደላት

ደረሰኝ የሽያጭ ምስክር መሆኑን ለዱባይ ተራ ነጋዴ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ የማይለይ ምስክር ምን ይረባል? «የተሰጠ» እና «የተሸጠ» የሚለያዩት በ«ሸ» አናት ላይ ባለው ሰረዝ ብቻ ነው፤ ሰረዙ ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደ እንደሆነ ነገሩ ለክርክር ይዳርጋል።

በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ ቢገባም ያገኘው ቁጥር እንጂ መልክ አይደለም። የተለመደው የሙቀት ደረሰኝ ማተሚያ በሚሊሜትር 8 ነጥብ ያትማል፤ ለላቲን ፊደል የተለመደውም ሣጥን ወርዱ 12፣ ቁመቱ 24 ነጥብ ነው። የ«ጠ» ሦስት እግሮችና ሁለት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ቢሰጣቸው 10 ነጥብ ይፈጃሉ። «ጤፍ» ለመጻፍ ለቀለበቱ 3 ነጥብ ሲጨመር 13 ይሆናል። ይህ በ12 ስለማይገባ ቀለበቱ ይደፈናል፤ «ጤ»ም «ጢ» ይመስላል።

ስለዚህ ትልቁን ፊደል ማሳነስ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ፊደል ነጥብ በነጥብ ሊታረም ይገባዋል። የሣጥኑ ወርድ 16 ይሁን፤ በቀለበቱ መካከል ነጭ ነጥብ ይተው፤ የ«ሸ» ሰረዝም ከአካሉ ግራና ቀኝ ወጣ ይበል። በእርግጥ 576 ነጥብ በሚይዝ መስመር 48 ፊደል የነበረው ወደ 36 ይወርዳል፤ ሆኖም ከማይነበብ ብዙ የሚነበብ ጥቂት ይሻላል።

እንግዲህ ማተሚያ ገዢ ሁሉ ዋጋ ከመቍረጡ አስቀድሞ «ሰ ሸ ጢ ጤ» አሳትሞ እንዲመለከት እናሳስባለን።