ከግምጃ ቤት የወጣው ማክሲም

በሁለት መንኮራኩር ላይ የተቀመጠ፣ ከፊቱ የብረት ጋሻ የቆመለት፣ አፈሙዙንም ወፍራም የውሃ በርሜል የከበበው ያ አሮጌ መትረየስ፣ በቤተ መዘክር አዳራሽ በገመድ ታጥሮ ሕፃናት የሚያዩት ቅርስ ሆኖ ቀርቷል ተብሎ ከተደመደመ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ በዩክሬን ምድር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንደ ገና ወደ ሰልፍ ተጠርቶ፣ አፈሙዙን ከምድር ወደ ሰማይ አቅንቶ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድር ጀመር። ስሙ ማክሲም ነው።

ስሙን ያገኘው ከፈልሳፊው ከሒራም ማክሲም ነው። ይህ ሰው በ1840 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜይን ግዛት ተወልዶ፣ ኋላ ወደ ሎንዶን ተሻግሮ በዚያ የኖረ ጥበበኛ ሲሆን፣ በ1884 ዓ.ም. ሠርቶ ያሳየው መሣሪያ ከእርሱ በፊት ከነበሩት የተለየበት ምሥጢር እጅግ ቀላል ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት፣ እኛም «መትረየስ» የሚለውን ቃል የወሰድንበት የፈረንሳዮቹ መሣሪያ ጭምር፣ እንደ ወፍጮ በእጅ የሚዘወሩ ነበሩ። ማክሲም ግን ጠመንጃ በተተኮሰ ጊዜ የተኳሹን ትከሻ የሚመታውን፣ ሰው ሁሉ እንደ እርግማን ችሎት የኖረውን ያን ወደ ኋላ የሚመለስ ኀይል አስተውሎ ሥራ ሰጠው። ጥይቱ ሲወጣ አፈሙዙና መዝጊያው አብረው ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ መዝጊያውን የቈለፈው ብረት እንደ ሰው ጕልበት ይታጠፋል፤ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ከሸራ ዝናሩ ሌላ ጥይት ይሳባል፤ ሞላው ደግሞ ሁሉን ወደ ስፍራው ይመልሰዋል። ቃታው ተይዞ ጥይቱ እስካላለቀ ድረስ ይህ ሥራ በደቂቃ ወደ 600 ጊዜ ይደጋገማል። ፈልሳፊው ራሱ ከዚህ ጩኸት አጠገብ ዕድሜውን ሲፈጅ ጆሮው ደነቈረ፤ ይህን ነገር አንባቢ ልብ ቢልልኝ እወዳለሁ፣ ስለ ጆሮ ወደ ፊት የምንናገረው አለና።

ሩሲያውያን ይህን መሣሪያ ተቀብለው በቱላ ከተማ ይሠሩት ጀመር፤ 1910 የሚል ስም የያዘውን ዓይነት በ1930 ዓ.ም. አሻሽለው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ በብዛት አወጡት። ከመንኮራኩሩና ከጋሻው ጋር ክብደቱ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ፣ በጭቃ ውስጥ የሳበው ወታደር ምስጋና እንዳልሰጠው የታወቀ ነው። በርሜሉ ወደ 4 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ብዙ መቶ ጥይት በተከታታይ ከተተኮሰ ውሃው እንደ ጀበና ይንተከተካል። ነገር ግን ውሃው እስካለ ድረስ አፈሙዙ አይግልም፤ በአየር ብቻ የሚበርዱት አዳዲሶቹ ቀላል መትረየሶች ግን ጥቂት ዝናር እንደ ጨረሱ ዕረፍት ይለምናሉ። በጦርነቱ መካከል ከፊንላንድ ጦር ተምረው የውሃውን አፍ ሰፋ አድርገው ስለ ሠሩት፣ በክረምት በረዶውን በእጅ እየዘገኑ መሙላት ይቻላል። በእኔ አስተያየት በዚህ መሣሪያ ላይ ከተደረገው ማሻሻያ ሁሉ ይህን የሚያህል ብልሃት የለም።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከዚህ ብረት ብዙ በቅባት ተለውሶ በዩክሬን ግምጃ ቤቶች ቀረ፤ ቍጥሩም ከ30,000 በላይ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከዚያ እንቅልፍ የቀሰቀሰው ሩሲያ በዩክሬን ላይ የላከችው፣ ሻሄድ 136 የተባለው የኢራን ሥሪት ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ማለት ዛሬ ሁሉም ድሮን የሚለው ነው። ይህ ድሮን ክንፉ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፈንጂውን ተሸክሞ ከዒላማው ጋር አብሮ ይጠፋል። ዋጋው ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይገመታል። እርሱን ለመጣል ከሚተኰሱት ሚሳይሎች መካከል ግን የአንዱ የፓትሪዮት ሚሳይል ዋጋ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳልና፣ ድሮኑ ተመትቶ ቢወድቅም ባለ ገንዘቡ የሚከስርበት ጦርነት ነው። ስለዚህ ርካሽ የሆነውን በርካሽ ለመመለስ ሲታሰብ፣ የተከፈለበትም ያረጀም መሣሪያ ትዝ አለ።

እድሳቱ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አንዱን ቀርቦ ማየት ይበቃል። መንኮራኩሩና ጋሻው ወልቀዋል። በምትካቸው ከቧንቧ ብረት የተበየደ፣ በፒክአፕ መኪና ጀርባ ወይም በጣራ ላይ ተተክሎ ወደ ሁሉ አቅጣጫ የሚዞር መደገፊያ አለ፤ በእርሱም ላይ ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም አራት ማክሲሞች ጎን ለጎን ታስረዋል። (ይህ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ሶቪየቶች በ1931 ዓ.ም. አራቱን በአንድ አስረው በአውሮፕላን ላይ ተኵሰውበታል።) ከላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ በጨለማ ሙቀትን የሚያይ መነጽርና የእጅ ፓውዛ አለ። ሆኖም የአፈሙዙ፣ የመዝጊያው፣ የዝናሩ አሠራር ማክሲም እንደ ተወው ነው፤ ጥይቱም በ1891 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ያው የሩሲያ ጥይት ነው። የታደሰው ክንዱ ሳይሆን ሕዋሳቱ፣ ማለት ዐይኑና ጆሮው ናቸው።

ጆሮውም የዋዛ አይደለም። የሻሄድ ሞተር እንደ አሮጌ ሞተር ብስክሌት እየጮኸ ስለሚበር ዩክሬናውያን በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ መሐንዲሶቻቸውም ጩኸቱን ተጠቅመው ወደ 10,000 የሚጠጉ ማይክሮፎኖችን በየምሰሶው ላይ ሰቀሉ፤ የአንዱ ዋጋ ከ400 እስከ 500 ዶላር እንደ ሆነ በ2024 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አየር ኀይል ጄኔራል ተናግሯል። ማይክሮፎኖቹ የሰሙት ድምፅ ተሰልቶ የድሮኑ መንገድ በተኳሾቹ ታብሌት ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ፈልሳፊውን ያደነቈረ መሣሪያ ዛሬ አድምጦ የሚተኵስ ሆነ። በኪየቭ ዙሪያ ከሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች መካከል ቀን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት የሚሰየሙ ዳኞች ሌሊት በየተራቸው ከመትረየሱ ኋላ ይቆማሉ።

ወደ ሰማይ የዞረ መሣሪያ ሳይ እኔን ወደ ደሴ የሚመልሰኝ አንድ ሥዕል አለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላኑ መሣሪያ ኋላ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ያን ጊዜ የጐደለው ልብ አልነበረም፤ የመሣሪያው ቍጥርና አስቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ነበር።

የእድሳት ነገር ሁልጊዜ እንደ ማክሲም አይሰምርም። ሩሲያውያን ከ1960ዎቹ የቈዩትን ቲ 62 ታንኮች ከመጋዘን አውጥተው ከድሮን እንዲጠብቃቸው የብረት ቆጥ ሠርተውላቸዋል፤ ቆጡ አንዳንዱን ያድናል፣ ብዙውን አያድንም። ታንክ ይታደናልና በእድሳቱ መደበቅን አይማርም፤ ማክሲም ግን አዳኝ ሆኖ በስፍራው ይጠብቃል፣ ለሚጠብቅም ክብደት አይጎዳውም።

ነገር ግን የማክሲምም ዘመን ጠባብ ነው። የጥይቱ ክንድ በሰማይ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ድሮኑን የላኩትም ሰዎች ይህን ከተረዱ በኋላ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ አድርገው ያበሩት ጀመር፤ በጄት የሚበር ሌላ ዓይነትም አመጡ። ዩክሬናውያን በበኩላቸው ድሮንን በድሮን ማሳደድ ይዘዋል። ድሮኑ ከፍ ብሎ በሚያልፍበት ሌሊት ነጥቡ በታብሌቱ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የሞተሩ ድምፅ ከራስ በላይ ያልፋል፤ ተኳሾቹም ማነጣጠሪያውን እንደ ሸፈኑ ቀና ብለው ያዳምጡታል። ብርዱ ከበረታ፣ ውሃው ረግቶ በርሜሉን እንዳይሰነጥቀው በባልዲ ቀድተው ወደ ቤት ያስገቡታል።