ቦግ እልም የሚል የመኪና መብራት፦ መንሥኤውና የሚመረመርበት መንገድ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ ተጠግቶ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በክረምት ጉሙ ቀኑን የሚያጨልምበት፣ በበጋ ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ የሚበረታበት መስመር ነው። ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት መንገዶች ላይም ጠጠሩና አቧራው፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ተሽከርካሪን ያለ እረፍት ያንገጫግጩታል። እንዲህ ባለ አገር የፊት መብራት መንገዱን ለሹፌሩ፣ የኋላ መብራት ደግሞ መኪናውን ከኋላ ለሚመጣው ስለሚያሳይ፣ ሁለቱም የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ጨርሶ የጠፋ መብራት ወዲያው ታውቆ ሲጠገን፣ አንዴ ቦግ አንዴ እልም የሚለው ግን ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኝና ሌሊት ቁልቁለት ላይ ይከዳል፤ አደገኛነቱም ከዚህ ይመነጫል።

የመብራቱን ጠባይ ለመረዳት የኤሌክትሪኩን ጉዞ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥቶ በፊውዝ (ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀልጦ መስመሩን በሚቆርጠው መከላከያ)፣ በማብሪያ ማጥፊያውና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን በሚያሳልፈው መቀያየሪያ) በኩል አድርጎ አምፖሉ ውስጥ ይገባል፤ ከአምፖሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ይመለሳል። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህንኑ የመመለሻ መስመር ነው። በዚህ ዙር ላይ ሽቦ ከሽቦ፣ ሽቦ ከብረት፣ አምፖል ከሶኬት የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች ብዙ ናቸው፤ አልፎ አልፎ የሚከሠት ብልሽትም በአብዛኛው የሚደበቀው በእነዚህ መጋጠሚያዎች ውስጥ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ተቃውሞ (መስመሩ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያግድበት መጠን) በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀንሳል። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 55 ዋት የፊት አምፖል ሲበራ ያለው ተቃውሞ 2.6 ኦም ያህል ነው። ሶኬቱ ዝጎ 0.4 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ ከ12ቱ ቮልት 1.6 ያህሉ እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይባክንና ለአምፖሉ 10.4 ገደማ ይቀራል። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቴጁ በጣም በፈጠነ መጠን ስለሚወርድ፣ ብርሃኑ ከመደበኛው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። የባከነው ኃይል 6 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ በትንሿ ሶኬት ውስጥ ስለሚቀር፣ ፕላስቲኩን እያጠቆረና መያዣውን እያላላ ብልሽቱን ያባብሰዋል።

መብራቱ ጠፍቶ ተመልሶ የሚመጣው ሦስት ነገሮች ይህን ተቃውሞ ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋውጡት ነው። የመጀመሪያው ንዝረት ሲሆን፣ የተጋጠሙት ብረቶች በጥቂቱ እየተፋተጉ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀጭን የዝገት ሽፋን ያበጃሉ። ሁለተኛው እርጥበት ነው፤ ውኃ የገባበት የመዳብ ሽቦ ሲላጥ ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት የለበሰ ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው የሙቀት መለዋወጥ ሲሆን፣ ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥና ሲበርድ ስለሚኮማተር የላላው መጋጠሚያ አንዴ ይነካካል፣ አንዴ ይለያያል። ጋቢናቸው ወደ ፊት በሚደፋ የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ሽቦው በመታጠፊያው ቦታ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው መሣሪያ ከማንሣት በፊት፣ የብልሽቱን ጠባይ በማስተዋል ነው። የሚጠፋው አንዱ መብራት ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በዚያው መብራት አምፖል፣ ሶኬትና ማሳ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም አብረው የሚጠፉ ከሆነ ግን የጋራቸው የሆኑት ማብሪያው፣ ሪሌውና ዋናው መስመር ይጠረጠራሉ። ቀጥሎ መብራቱ እንደበራ የመብራቱን ሽፋን በቀስታ መታ መታ ማድረግ፣ ሶኬቱንና ሽቦውንም ክንድ በክንድ እያነቃነቁ መሄድ ይገባል፤ መብራቱ ብልጭ ያለበት ቦታ ብልሽቱን ያጋልጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙዎችን የሚያሳስተው በቴስተር (ቮልት በሚለካው መሣሪያ) የሚደረገው ልኬት ነው። አምፖሉ ተነቅሎ ሶኬቱ ሲለካ፣ ኤሌክትሪክ ስለማይፈስ የዛገው መጋጠሚያ ምንም ቮልት አያባክንም፤ ቴስተሩም የባትሪውን ሙሉ 12.6 ቮልት ያሳይና መስመሩ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ልኬቱ መከናወን ያለበት መብራቱ በርቶ ሳለ ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በአምፖሉ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላው በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሲደረግ ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን ይኖርበታል፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ በመመለሻው መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

የኋላ መብራት ለማሳ ብልሽት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በብዙ መኪኖች ባለ ሁለት ክር አምፖል የሚገጠም ሲሆን፣ የ5 ዋቱ ክር ለማታ መብራት፣ የ21 ዋቱ ለፍሬን ያገለግላል፤ ማሳቸው ግን አንድ ነው። ይህ ማሳ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ እየፈለገ በጎረቤት አምፖሎች ክር በኩል ይሾልካል። ፍሬን ሲያዝ የማታ መብራቱ ከፈዘዘ፣ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ትርፍ ሽቦ ስቦ የአምፖሉን ማሳ ማስነካት ጥርጣሬውን ያረጋግጣል፤ መብራቱ ወዲያው ከተስተካከለ፣ የማሳው ብሎን ተፈትቶ፣ ቀለሙና ዝገቱ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ተፍቆ መልሶ ሊጠብቅ ይገባል።

አምፖል ደጋግሞ መቀየር፣ የዛገ መጋጠሚያ እያለ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ ወይም በአሉሚኒየም ፎይል መተካት ደግሞ መከላከያውን አስወግዶ መኪናውን ለእሳት መዳረግ ስለሆነ፣ በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም፤ የሚተካው ፊውዝ በአምፔር መጠኑ ከነባሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችና የመኪና ባለቤቶች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሶኬቶችንና የማሳ ብሎኖችን አስፈትሸው ቢያጸዱ፣ በጥቂት ወጪ የራሳቸውንም የተሳፋሪዎቻቸውንም ሕይወት ይጠብቃሉ።