35 በመቶ የሚጀምርበት ደመወዝ

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ፔሮሉ ላይ ግን 2,100 ብር ለሥራ ግብር፣ 805 ብር ለጡረታ ይቆረጥና እጁ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ገና በመጀመሪያው የሥራ ወር፣ ከ10,000 በላይ ያለችው 1,500 ብር 30 በመቶ ታስከፍለዋለች።

እዚህ ያደረሰው መንገድ የሚጀምረው ከ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ነው። ያ አዋጅ እስከ 600 ብር የሚደርሰውን ደመወዝ ከግብር ነፃ አድርጎ፣ 35 በመቶን ከ10,900 ብር በላይ ላለው ገቢ አስቀመጠ። ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበርና 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይመነዘር ነበር። የላይኛው እርከን ያኔ በእርግጥም የደህና ተከፋዮች እርከን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ እየናረ ሄደ፤ እርከኖቹ ግን ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ አላሉም። ለኑሮ ውድነት ማካካሻ ተብሎ ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር ሠራተኛው ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል፤ የመግዛት አቅሙ ሳያድግ ግብሩ ያድጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ።

ማሻሻያው የመጣው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ14,000 በላይ ሆነ። 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ ከ2,045 ወደ 1,650 ወርዶለታል፤ በወር 395 ብር ተረፈው ማለት ነው። 14,000ም ይከፈለው 40,000 ቅናሹ ያው 550 ብር ነው። ቅናሽ ነው፣ አይካድም። ነገር ግን አዋጁ በጸደቀበት ወቅት 14,000 ብር ከ100 ዶላር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሠራተኞችን የሚወክለው ኢሠማኮ ከግብር ነፃ የሚሆነው መጠን በደንብ ከፍ እንዲል ሲወተውት የኖረው ወዶ አይደለም።

የነጋዴው ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በየሱቁ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ «ይህን አልሸጥም» ብሎ ጮኸ፤ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘጉ። የ2017ቱ ማሻሻያ የግብር ከፋዮችን ደረጃ «ሐ» አስቀርቶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ያልሞላውን ነጋዴ በደረጃ «ለ» ሥር ከጠቅላላ ሽያጩ ያስከፍለዋል። በየዓመቱ ኪሳራ እያሳወቀ ሱቁን ለሚያሰፋው ደግሞ ዝቅተኛ ግብር መጥቶበታል፤ ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ።

ችግሩ ይህ ዝቅተኛ ግብር አጭበርባሪውንና በስስ ትርፍ የሚሠራውን አለመለየቱ ነው። 10 ሚሊዮን ብር ሸጦ 500,000 ያተረፈ አከፋፋይ ድርጅት በ30 በመቶው ስሌት 150,000 ብር ይከፍል ነበር፤ በዝቅተኛው ግብር ግን 250,000 ይጠየቃል።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከአገሪቱ ምርት የሚሰበሰበው ግብር ድርሻው አነስተኛ ነው፤ መንገድም፣ ጤና ጣቢያም፣ የመምህር ደመወዝም በብድር አይዘለቅም። ለዚሁ ሲባል በ2016ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚፈጀው መብራትና ውኃ ሳይቀር ታክስ ገብቶበታል። ስለዚህ ያ 8,595 ብር ቤት ሲደርስ እንደገና ታክስ ይጠብቀዋል።

ወደ እርከኖቹ ስንመለስ፣ በአሜሪካ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የፌዴራል ግብር እርከኖቹ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ይስተካከሉለታል፤ ኮንግረስ መሰብሰብ አያስፈልገውም። እዚህ ግን እርከን የሚነሳው በአዋጅ ብቻ ነው፦ ገንዘብ ሚኒስቴር አርቅቆ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አይቶ፣ ለፓርላማ ቀርቦ፣ ቋሚ ኮሚቴ መርምሮት። ያለፈው ማሻሻያ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል።